የሃልደን ሚል ቅሬ

መርሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዓቢዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ያለሽበትን አገር ያማረ ያድርግልሽ፤ ባልሽን ዓሪፍንም በዚያ በሚነዳው ረጅም የጭነት መኪና መንገድ ላይ ይጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን። ማሽላው ታጭዷል፤ ብርቱካኑም ዘንድሮ አልከፋም። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል። ስለዚህ እንደ ድሮው ወረቀት አንሥቻለሁ። ይህን ይዛ የምትሄደው ሜላት የምትባል የወልዲያ ልጅ ናት፤ አሜሪካ ስትደርስ በፖስታ ትልክልሻለች።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርሽ። ቅሬያችን መዝገቡን ሊያድስ ነው። አዳነን ታውቂዋለሽ፤ ብርቱካኔን ወደ ወልዲያ የሚጭንልኝ ሹፌር። ባለፈው ከቀብር ስንመለስ ተነሥቶ፣ «ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ቃሬዛ የሚሸከም፣ ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ነው። ውጭ አገር ሄደው በስም ብቻ ያሉት ይሰረዙ» አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም እውነቱን ነው አለው። ይሰረዙ ከተባሉት ዘጠኝ ሰዎች አንዷ አንቺ ነሽ። እናትሽ ስትሞት ቦታዋ ላንቺ ተላልፏል። ከዚያ ወዲህ ግን የአንድም ሰው ቀብር ላይ አልቆምሽም፤ የእናትሽም ላይ ጭምር። ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። እነሱ የሚሉትን ነው የምነግርሽ።

እኔ ደግሞ የቅሬው ዳኛ ነኝ። ለእህቴ ልጅ ብዬ አፌን ብከፍት ነገ ማን ይሰማኛል? ያገኘሁልሽ ነገር ቢኖር ጊዜ ብቻ ነው፤ ውሳኔው ለሰኔ ተቀጥሯል። እስከዚያ ያለሽበትን አገር በደንብ አድርገሽ ጻፊልኝ። ሰዉ ስንት ነው? ሹሙስ ማን ነው? ሰው ሲሞትባቸው ምን ያደርጋሉ? ገንዘብ ላኪ አላልኩም።

አጎትሽ አብዱልጀሊል


ሃልደን ሚል፣ ፔንሲልቫኒያ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአብዱልጀሊል፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ዕድሜዎን አላህ ያርዝመው፣ ጉልበትዎንም አይንሣዎት። ደብዳቤዎ ሁለት ወር ተጉዞ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስተኛው አለቀስኩ። እናቴን በትከሻቸው ወስደው አፈር ያለበሷት እነሱ ናቸው። እኔ እዚህ የአሮጊቶችን አልጋ እያነጠፍኩ ነበር። ከዚያ መዝገብ ከወጣሁ መርሳ ላይ የማን እባላለሁ? አደራዎን፣ አያሰርዙኝ።

ያለሁበት ስሙ ሃልደን ሚል ነው። እነሱ ቦሮ ይሉታል፤ ከአንድ ቀበሌ ብዙም አይበልጥም፣ ግን የራሱ ከንቲባና የራሱ ምክር ቤት አለው። ሰዉ በሙሉ አንድ ሺህ አራት መቶ ነው፤ የመርሳ የገበያ ቀን ይውጠዋል። አንድ የትራፊክ መብራት አለን፣ እሱም ብዙ ጊዜ ቢጫውን ብቻ ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። ሁሉም በመንገዱ በኩል በረንዳ አላቸው፤ ሰው እዚያ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል። ድሮ ትልቅ የካልሲ ፋብሪካ ነበራቸው፤ ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ቀርቷል። እኔ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ያሉት ሴቶች ግማሾቹ በወጣትነታቸው እዚያ ካልሲ የሰፉ ናቸው፤ እስካሁን የእግሬን ካልሲ አይተው ስፌቱን ይተቻሉ።

ከንቲባው ፀጉር አስተካካይ ነው። ምክር ቤቱ በወር አንዴ ሰኞ ይሰበሰባል፤ ማንም ሰው ተነሥቶ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ባለፈው ስለ አንድ የተደፈነ የውሃ ቦይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲከራከሩ የኛን ሽማግሌዎች መሰሉኝና ሳቄ አመለጠኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከተማው መሃል ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ሳይረን አለ። እዚህ በመጣሁ በአምስተኛው ቀን ጮኸ። በመስኮት ብቅ ስል ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን እንደላጨው ትቶት ይሮጣል። ጎረቤቴ የሣር ማጨጃውን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ ጥሎት ይሮጣል። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ነው። በኛ አገር ሰው የያዘውን ጥሎ እንዲህ የሚወጣው መቼ ነው? ሰው ሞቷል አልኩ። ሻሼን አጥብቄ አሰርኩ፤ ስንዴ ጣድኩ፤ የቆርቆሮ ሽምብራ ከፍቼ ጨመርኩበትና ንፍሮውን በድስቱ ተሸክሜ ሰዎቹ የገቡበትን ቤት አንኳኳሁ።

ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አንድ ቀይ መኪና ያጥባሉ። «ማን ነው የሞተው?» አልኩ በዚያች እንግሊዝኛዬ። አለቃቸው ዎልተር ይባላል፤ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ በር ሲገባ ዝቅ የሚል ረጅም ሰው ነው። «ማንም አልሞተም፤ የአንዲት ሴትዮ ምድጃ ጭሶ ነው» አለኝ። አፍሬ ልመለስ ስል ድስቱን ከእጄ ተቀበለኝ። ከጠርሙስ የሚያቃጥል ድልህ እያንጠባጠቡበት በማንኪያ ዝቀው ጨረሱት። ዎልተርም፣ «ሳይረኑ ሲጮህ መጥተሻል፤ ሌላ የሚያስፈልገን ነገር የለም» ብሎ ስሜን መዝገብ ላይ ጻፈው።

የሃልደን ሚል እሳት አጥፊዎች እነዚህ ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ አንዷ አስተማሪ ናት፤ ጥሪ ሲመጣ ሁሉም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። እኔም ምግብ ይዤ መሄድ ጀምሬ አሁን የውሃ ቱቦውንም እይዛለሁ። አጎቴ፣ ይህ ቅሬ ካልሆነ ምን ይባላል? ለድንኳን ማደሻ የምትሆን ጥቂት ገንዘብ በሰው ልኬአለሁ።

ልጅዎ ዓቢዳ


መርሳ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓቢዳ፣

የረመዳን ጾምሽን አላህ ይቀበልሽ፤ ዒዱንም ባለሽበት በደስታ እንዳሳለፍሽው ተስፋ አለኝ። ሰላምታዬን ለዓሪፍ አድርሺ።

አንቺ ልጅ፣ ንፍሮ ሰው ሳይሞት! እኔ ብቻዬን ሳነብ ሳቄን ዋጥኩት፤ ቅሬው ፊት ሳነበው ግን አልቻልኩም። እማማ በላይነሽ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችና «ምድጃዋ የጨሰባት ሴትዮ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን» አለች። ግማሽ ራሱን የተላጨው ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ የሚሉ አሉ፤ እሱን ጻፊ።

ገንዘብሽን መልሼ ልኬዋለሁ። ቅሬው አልተቀበለውም። አዳነ፣ «ድንኳኑን የሚያስቸግረው መቀደዱ አይደለም፣ የሚተክለው ሰው ማነሱ ነው» አለ።

ደብዳቤሽን አልናቀውም። ግን እንዲህም አለ፦ «እሳት ማጥፋት ሌላ፣ ሰው መቅበር ሌላ። ያልመጣ ይቀጣል ወይ? ጉድጓዱን ማን ይቆፍራል? ለቅሶስ ስንት ቀን ይቀመጣሉ?» እውነት ነው፣ እኔም ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ። እንደ ደላላ አታሳምሪው። ክፉውንም ደጉንም ጻፊ፤ አሳምረሽ የጻፍሽው እንደሆነ አዳነ አሽትቶ ያውቀዋል።

አጎትሽ አብዱልጀሊል


ሃልደን ሚል፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አላህ ከነቤተሰብዎ በሰላም ያውልዎት። እርስዎ እንዳሉኝ ሳላሳምር እጽፋለሁ።

ያልመጣ አይቀጣም። ሳይረኑን ሰምተው ቴሌቪዥናቸውን ከፍ የሚያደርጉ አሉ። ጉድጓድ የሚቆፍረው ማሽን ነው። ለቅሶ የሚባል የላቸውም፤ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆመው በዳቦ የታጠፈ ሥጋ ይበላሉ፣ ከዚያ ሁሉም ወደየመኪናው ይገባል። እኔን በመጀመሪያው ዓመት ከየት መጣች ብለው የተጠራጠሩኝ ነበሩ፤ አንዲት ሴትዮ እስካሁን በረንዳዋ ላይ ሆና አይታ እንዳላየች ትሆናለች። አዳነ ልክ ነው፣ ይህ መርሳ አይደለም።

ግን ይህንንም ይስሙ። በሚያዝያ ወንዙ ሞልቶ የታችኛው መንደር ውስጥ ገባ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ መቶ የሚሆን ሰው የሰው ምድር ቤት ውስጥ ጭቃ ሲዝቅ ዋለ፤ «የማን ቤት ነው?» ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ያቺ ሰላምታ የምትነሣኝ ሴትዮም አካፋ ይዛ ከጎኔ ቆማ ነበር። አልተነጋገርንም፤ ባልዲ ግን ተቀባብለናል። የካልሲ ፋብሪካው ሲዘጋ ይህ ከተማ ያልቃል ተብሎ ነበር ይላሉ። አላለቀም። እኔ እዚህ በመኖሬ የምኮራው በዚህ ነው።

ግማሽ ራሱን የተላጨው ሰውዬ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። አስተካካዩ ተመልሶ ሲጨርስለት አላስከፈለውም።

ዎልተር የቅሬውን ነገር ነግሬው፣ «የኔ ምስክርነት ይጠቅምሻል ወይ?» አለኝ። እኛ ጋ ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም ስለው ከንቲባውን አስነሥቶ የቦሮውን ማኅተም አስመታበት። አብሬ ልኬዋለሁ። የሚለው እንዲህ ነው፦ «በዚህ ዓመት አርባ ሦስት ጥሪ ነበረን፣ ዓቢዳ በአርባ አንዱ ተገኝታለች። የቀረችው አንዴ አሟት፣ አንዴ ሥራ ላይ ሆና ነው። ስትጾም እንኳ ውሃ ሳትጠጣ ቱቦ ይዛለች። እንዲህ ያለ ሰው ከመዝገብ ይሰረዛል ሲባል እኛ አልገባንም።»

ዎልተርን ትንሽ ሳል ይዞታል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ልጅዎ ዓቢዳ


መርሳ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓቢዳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ክረምቱ እንደ ጉድ ይዘንባል፤ መንገዱም አንዳንዴ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ይከፈታል። በዚሁ ምክንያት የሰኔው ስብሰባ ወደ ሐምሌ ተላልፎ ባለፈው እሑድ ተቀመጥን።

ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ማኅተሙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አዳነ ወደ ብርሃን አንሥቶ ገልብጦ አየው፤ የመንጃ ፈቃድ እንደሚመረምር ትራፊክ። «አርባ አንድ ከአርባ ሦስት» አለ። «ከኛ ውስጥ ይህን ያህል የተገኘ አለ?» እኔ ነገሩ አበቃ ብዬ መዝገቡን ልዘጋ ስል ግን እጁን አነሣ። «አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ» አለ። «ይህ ዎልተር የሚሉት ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? እሷ እዚያ እንደ እንግዳ ዳር ትቆማለች ወይስ እንደ ሰው ትሸከማለች? ይህን ትመልስና እኔ በበኩሌ ዝም እላለሁ።» ስምሽ እስከዚያ በእርሳስ ተጽፎ ይቆያል ተባለ።

አሁን ደግሞ እኔ የምጠይቅሽ አለኝ። «ትንሽ ሳል ይዞታል» ብለሽ አልፈሻል። ስለ ሰው ጤና «ትንሽ» የሚል ቃል እኔ አላምንም። እናትሽ ስትታመም እኔም ላንቺ «ትንሽ አሟታል» ብዬ ነበር የጻፍኩልሽ። እውነቱን ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ ትደርሽባት ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ አፉ በዪኝ። አንቺ ግን እንደኔ አታድርጊ። ሰውዬው ምን ሆኗል?

አጎትሽ አብዱልጀሊል


ሃልደን ሚል፣ መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አዲሱን ዓመት አላህ የጤና ያድርግልዎ። አፉ ብዬዎታለሁ። ከልቤ ነው። እኔም ያንኑ አድርጌያለሁና ልፈርድብዎ አልችልም። ዎልተር ሳንባው ላይ ነበር ሕመሙ፤ ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ። ከጻፍኩት የሚሞት ስለመሰለኝ ነው ያልጻፍኩት።

ነሐሴ 29 ቀን አረፈ።

አስከሬኑን የወሰደው ያ ቀይ መኪና ነው። ከቤቱ እስከ መቃብሩ ድረስ በየበረንዳው ሰው ቆሞ ነበር። ከንቲባው ሱቁን ዘጋ። ከመጦሪያው አሮጊቶቹን በተሽከርካሪ ወንበር አወጣናቸው፤ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ የሟቹን የጥሪ ቁጥር በሬዲዮ ሦስት ጊዜ ይጠሩታል። ጠሩት። ዝም። ደግመው ጠሩት። ዝም። በሦስተኛው፣ «ሥራውን ፈጽሟል» አሉ። አጎቴ፣ ለቅሶ አያውቁም ብዬ ጽፌልዎ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ሳጥኑን ስድስት ሰው ነው የሚሸከመው። ባለቤቱ ሩት ከአንድ ቀን በፊት ጠርታኝ፣ «አንዷ አንቺ ነሽ፤ እሱ ራሱ ነው ስምሽን የጻፈው» አለችኝ። በኛ ሴት ጀናዛ እንደማትሸከም አውቃለሁ። ሊቆጡኝ ይችላሉ። ለእናቴ ያልሰጠሁትን ትከሻ ለእሱ ሰጠሁት። ከባድ ነበር፤ ሦስት ቀን አመመኝ፤ ሕመሙ ሲለቀኝ ቅር አለኝ።

ሳጥኑ ሲወርድ ማሽኑ አፈር ሊመልስ ቀረበ። እኔ ሳላስበው እጄን አነሣሁና «በእጃችን ብናደርገውስ?» አልኩ። ሰዎቹ ተያዩ። ባለማሽኑ ሞተሩን አጠፋ። ከመኪናው አካፋ አወጣንና አንድ በአንድ እየተቀባበልን እኛው ደፈንነው። ያቺ የማታናግረኝ ሴትዮ ከእጄ አካፋውን ስትቀበል «ስምሽ ማን ነበር?» አለችኝ።

የአዳነ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ስሜን ብትሰርዙት መብታችሁ ነው፤ ከእንግዲህ አለምንም። ብቻ ለቅሬው፣ ዓቢዳ በሄደችበት አገር ዳር አልቆመችም ብለው ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ዓቢዳ


መርሳ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓቢዳ፣

አላህ ጽናቱን ይስጥሽ፤ ለሩትም ይስጣት፤ ለሃልደን ሚል ሰው በሙሉ ከመርሳ ሰላምታ ይድረስ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቆሜ ነው። ሴት ጀናዛ መሸከሟ ጋ ስደርስ ድምፄ ተቋረጠ። ሰዎቹ የተቆጣሁ መሰላቸው። አልተቆጣሁም። እህቴ ተነሥታ ብትሰማ ብዬ ነው። ኮራሁብሽ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

አንብቤ ጨረስኩ። ከዚያ አዳነ ተነሣ። የውሳኔውን ነገር የሚያነሣ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን፣ «ታዲያ ምን ተቀምጠን እናያለን? መርዶ ደርሶናል። የቅሬያችን ሰው ሐዘን ላይ ናት፤ ድንኳን እንትከል» አለ። አንዱ፣ «ሰውዬው ምኗ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዳነም፣ «እንደ ሰው ትሸከም ብሎ ስሟን የጻፈ ነው» አለው።

ድንኳኑን እናትሽ ቤት ደጅ ተከልነው። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ከግራና ከተማ ድረስ የመጡ አሉ። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱም መጥተው ነፍስ ይማር አሉ። ሴቶቹ ንፍሮውን አመጡ። እማማ በላይነሽ ሰውዬውን በዓይኗ አይታው ሳታውቅ ቁመቱን፣ ለሰው ቤት መሮጡን፣ ለእንግዳ ልጅ መዝገብ መክፈቱን እያነሣች ሙሾ አወረደች፤ ወንዱ ሁሉ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ ነበር። እኔ በዚህ ቅሬ ዳኛ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ ጥቂት ነው ያየሁት።

አራት ሰዎች ሳይመጡ ቀሩ። አዳነ በደንቡ ይቀጡ አለ። አንደኛው፣ «ለማላውቀው ፈረንጅ ነው እንዴ የምቀጣው?» ብሎ ቢጮህ ማንም አላገዘውም፤ አራቱም ተቀጡ።

የእርሳሱን ጽሑፍ ራሴ በቀለም ደገምኩት፤ ስምሽ እናትሽ ከነበረችበት መስመር ላይ ነው። ከሥሩ፣ የሟቾች ስም በሚጻፍበት በኩል፣ ዎልተርን አስገብተነዋል፤ አገሩንም ሃልደን ሚል ብለን ጽፈናል። የአባቱን ስም ግን የሚያውቅ ጠፍቶ ቦታውን ባዶ ትተነዋል። ሩትን ጠይቀሽ ላኪልን።

አጎትሽ አብዱልጀሊል